ሁለት ጭብጨባ ከባዶው ወንበር በኩል

ወሬው ሲደርሰኝ የሰዓዳ እግር ጭኔ ላይ ነበር።

ሰዓዳ የቡድናችን አምበል ናት። የግራ ቁርጭምጭሚቷ ዓመቱን ሙሉ ወለም እያለ ሲያስቸግራት ስለከረመ፣ እኔ ሳላስርላት ሜዳ አትገባም ነበር። ያን ቀን ከሰዓት የዓመቱን የመጨረሻ ጨዋታ ከሚሴ ላይ፣ በሜዳችን እንጫወታለን። ካሸነፍን በሊጉ እንቆያለን። ከተሸነፍን እንወርዳለን፤ ከወረድን ደግሞ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ክለቡ ይፈርሳል ተብሎ ቁርጡ ተነግሮናል።

ስልኬ ጠራ። ቡድን መሪያችን አቶ ኑሩ ናቸው። ስልኩን በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤ ማሰሬን ቀጠልኩ።

«ልጆቹ አጠገብሽ ናቸው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«እንግዲያው ፊትሽን ጠብቀሽ ስሚኝ። ኮች ወርቁ ደሴ ሆስፒታል እንዳሉ አርፈዋል። መርዶውን ከጨዋታው በኋላ እንነግራለን ብለናል። ሽማግሌም ቄስም ይመጣሉ። እስከዚያ አንዷም ልጅ እንዳትሰማ።»

«እሺ» አልኩ።

«ማነው እትዬ?» አለች ሰዓዳ።

«አቶ ኑሩ ናቸው።»

ውሸት አልነበረም። ደግማም አልጠየቀችኝ። በሆዴ ኢናሊላሂ ብዬ ዓይኔን እግሯ ላይ ተከልኩ። እጄ ሥራውን ጨረሰ። ምን እንደሠራ ግን ያን ጊዜ አላየሁትም።

አሁን የምኖረው አሶሳ ነው። ባለቤቴ ተዛውሮ ተከትዬው መጣሁ፤ እዚህም ሰው አሻለሁ፣ ወለምታ እመልሳለሁ። ይህን የምጽፈው በየክለቡ ላላችሁ ወጌሻዎችና ያን ቀን ሜዳው ላይ ለነበራችሁ ነው። ነገሩ እንዲገባችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ክለቡ ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ቀን የቀድሞው አሰልጣኝ ሥራዬን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። «ታሺያለሽ፣ ታስሪያለሽ፣ ውሃ ታቀርቢያለሽ። ስለ ጨዋታው አስተያየት የለሽም።»

«የለኝም» አልኩት። እውነቴን ነው። ሜዳው ላይ ያለው መስመር ሁሉ ለምን እንደተሰመረ አላውቅም ነበር። በዚያው ቀን ሁለት ልጆች ኳስ ሲናጠቁ የተጣሉ መስሎኝ በረዶ ይዤ ሜዳ መሀል ገባሁ። ዳኛው ፊሽካ ነፋብኝ። ደረጃው ላይ የነበረው ተመልካች «ወጌሻዋ ትጫወት!» እያለ ሳቀብኝ።

ወጌሻነቱን ከአክስቴ ነው የተማርኩት፤ ኋላ ደሴ ላይ አጭር ሥልጠና ጨምሬበታለሁ። ዕቃዬ ብዙ አልነበረም። ላስቲክ ፋሻ፣ የጥጥ ፋሻ፣ ፕላስተር፣ መቀስ፣ የሰሊጥ ዘይት፣ ከጭማቂ ቤት በፌስታል የሚመጣ በረዶ። ፋሻ ከእግር ጣት ተነስቶ ወደ ላይ ይጠመጠማል። ጫፉ በፕላስተር ይያዛል እንጂ አይቋጠርም። ቋጠሮ ጫማ ውስጥ ሥጋ ይበላል። ለጀማሪ ሁሉ በመጀመሪያ የምነግረው ይህንን ነው።

ሌላም ሥራ ነበረኝ፤ እሱ ለአላህ ብዬ የምሠራው ነው። በሰፈራችን ሴት ስትሞት የሚያጥቡትና የሚከፍኑት ጥቂት ሴቶች ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከፈን በፕላስተር አይያዝም። ከጨርቁ ላይ ሰንጠቅ አድርገው በራስጌ፣ በወገብና በግርጌ ይቋጥሩታል፤ ቋጠሮው የሚፈታው ቀብር ውስጥ ነው። ሁለቱን ሥራዎች አንድም ቀን አቀላቅዬ አላውቅም ነበር። ሰዓዳ የከፈን አስተሳሰሬን አሳምራ ታውቃለች። እናቷን ስንከፍን ጨርቁን የያዘችልኝ እሷ ናት።

የዓመቱ አጀማመር መጥፎ ነበር። ሄደንም እንሸነፋለን፣ ተቀምጠንም እንሸነፋለን። የከሚሴ ሰው ደግሞ ሲቀልድ አይምርም። አንድ የባጃጅ ሹፌር አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «ልጆች፣ ቅርጫቱን ዝቅ እናድርግላችሁ ወይስ እናንተን ከፍ?» ይላል። ዳቦ የምትሸጠው ሴትዮ የኛን መሪማ ባየች ቁጥር፣ «ረጅም ፈሪ! ቁመትሽን ለኔ ልጅ ባወረስሽው!» ትላታለች። መሪማ ከሁሉም ረጅሟ ናት። ኳስ ስትመጣባት ዓይኗን ስለምትጨፍን ማንም አያቀብላትም ነበር።

የሰዓዳ አባት ሰንበቴ ገበያ ላይ የታወቁ ፍየል ነጋዴ ናቸው። «ልጄ፣ ሊጉን የለቀቃችሁ ቀን ፍየሎቼ ይጠብቁሻል» ይሏታል። እየሳቁ ነው የሚሉት። ፍየሎቹ ግን የእውነት ነበሩ። ለሰዓዳ ክለቡ መፍረስ ማለት የኳስ ዘመኗ ማብቃት ማለት ነው፤ ሌላ የሚወስዳት ቡድን በዚያ አካባቢ የለም።

አሰልጣኙ ተሰናበተና ኮች ወርቁ ከአዲስ አበባ መጡ። ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። በከሚሴ ሙቀት ኮት ለብሰው አንገታቸው ላይ ሻርፕ ይጠመጥማሉ። ሻርፑ ለምን እንደሆነ ያወቅነው አፋቸውን ሲከፍቱ ነው። ጉሮሯቸውን በቀዶ ሕክምና ታክመው ድምፃቸው ሄዷል። የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው፤ ያንንም ተጠግቶ ላዳመጣቸው ብቻ።

ሰዓዳ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አሰልጣኝ አምጡልን ብንል በሽተኛ አመጡልን። ይሄ ለአንቺ ነው እትዬ» አለችኝ።

እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት እኔን ነው። «ወጌሻዋ አንቺ ነሽ? የማን እግር ነው የሚዋሸው?»

«እንዴት ኮች?»

«አሞኛል የሚሉትን አፋቸው ይነግረኛል። እጅሽ ያገኘውን ንገሪኝ።»

የማን ጉልበት ውሃ እንደቋጠረ፣ ማን ሳያማት እንደምታነክስ፣ ማን እያመማት እንደምትደብቅ ነገርኳቸው። ስለ መሪማ፣ «ሰውነቷ ምንም የለበትም። ስነካት ግን ትርበተበታለች፤ የፈራ ሰው ነው» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ድምፅ ስለሌላቸው በእጃቸው ነበር የሚያዙት። መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ያጨበጭባሉ፤ ድምፁ ባዶ እንስራ እንደመምታት ነው። እንደዚያ ዓይነት ጭብጨባ ከእሳቸው በፊትም በኋላም ሰምቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ ከሆነ፣ ተመለሱና ተከላከሉ ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ፣ ሳታዪ ኳሷን ወደ ማዶ ስደጂ ማለት ነው። ማዶ ላይ መሪማን አቆሟት።

ልምምዱን ከሱብሒ፣ ከንጋቱ ሶላት በኋላ አደረጉት። በዚያ ሰዓት ከጨፋ ረግረግ የሚነሳው ጉም ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ቅርጫቱ ቀርቶ የራስ እጅ አይታይም። ኳሶቹን አስቆልፈው ያለ ኳስ አጫወቷቸው።

«ኳስ ስታዩ ሰው አታዩም። ዛሬ ተደማመጡ» አሏቸው።

መናገር ክልክል ነው። እኔ ጠርዙ ላይ ተቀምጬ የምሰማው የጫማ ፍትጊያ፣ ትንፋሽና ያንን ጭብጨባ ብቻ ነበር። ጭብጨባው ሲሰማ በጉሙ ውስጥ ያለው ሩጫ ሁሉ ባንዴ ወደ አንድ ወገን ይዞራል። ማን እንዳዞረው አይታይም። ለምጄዋለሁ ስል እንደገና ይቀፈኛል።

አንድ ማለዳ በሬዎቹን ወደ እርሻ የሚነዳ ገበሬ አጥሩ ሥር ቆሞ አዳመጠ። አንድ ሰው አይናገር፣ ኳስ አይነጥር፣ እግር ብቻ ይሮጣል። «ነመ ሞ ጂኒ?» ብሎ ጮኸ። ሰው ናችሁ ወይስ ጂን ማለቱ ነው።

መሪማ ክልከላውን ረስታ ከጉሙ ውስጥ፣ «ነመ! ነመ!» አለች። ሰውዬው ግን ሰው መሆናቸውን የሰማ አይመስልም፤ በሬዎቹን እያዳፋ ሄደ። ልጆቹ እስኪወድቁ ሳቁ። ኮች ወርቁም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ያለ ድምፅ ሳቁ።

በሁለተኛው ዙር ማሸነፍ ጀመርን። ከዚያ ሌላ ነገር መጣ። ተመልካቹ ዝም አለ። ማንም ዝም በሉ አላለውም። መጀመሪያ ጭብጨባውን ለመስማት ነበር፤ ኋላ ልማድ ሆነ። የኛ ሰው ዱዓ ላይ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ማለት ያውቅበታል። ደረጃው በሰው ሞልቶ፣ የባጃጅ ሹፌሮች ሞተር አጥፍተው፣ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ይቀመጣል። ኳሷ ስትነጥር ድምፁ ከግንብ ግንብ ይጋጫል።

የእንግዳ ቡድን አምበል ጉልበቷን በረዶ ስይዝላት፣ «እትዬ፣ የዚህ አገር ሰው ለምን አይጮህም?» አለችኝ።

«እያዳመጡ ነው።»

«ምኑን?»

በረዶውን ከጉልበቷ አነሳሁ። «የለቅሶ ቤት መሰለኝ። ጀርባዬን በረደኝ» ብላ ተነሳች። እነሱንም አሸነፍናቸው።

እንዲህ እያልን ከመጨረሻው ቦታ ተነስተን፣ መቆየትና መውረዳችን በአንድ ጨዋታ የሚወሰንበት ላይ ደረስን። ያኔ ኮች ወርቁ ታመሙ። ሳሉ ጠናባቸውና ለደሴ ሆስፒታል ተጻፈላቸው። ሚኒባሱ ሲነሳ ልጆቹ ከበቧቸው።

«ኮች፣ አንቱ ከሌሉ ማን ያጨበጭብልናል?» አለቻቸው ሰዓዳ።

«ጆሯችሁ ለምዷል» አሉ። እኔም የሰማሁት ተጠግቼ ስለነበር ነው። ከዚያ መሪማ ስታለቅስ አይተው፣ «ሂን ሶዳቲን» አሏት። አትፍሪ ማለት ነው። ያወቁት ኦሮምኛ ይሄና «ነጋ»፣ ሰላም የሚለው ብቻ ነበር፤ ሁለቱንም አበላሽተው ነው የሚሉት። መሪማ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀችባቸው።

ወንበራቸውን ማንም አልተቀመጠበትም። ከተጠባባቂዎቹ ወንበር ጫፍ ላይ ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ የእኔ ነው። ልጆቹ የሚጠጡበትን የውሃ ኮዳ አስቀመጡበት።

አሁን ወደ መጨረሻው ጨዋታ ቀን እመለሳለሁ።

የአቶ ኑሩ ስልክ ከተዘጋ በኋላ ወደ ከተማ ወጣሁ። በረዶውን ሳመጣ ከተማው ሁሉ እንደሰማ ገባኝ። ሰው ሲሞት ለቅርቡ ሰው ዱብ አድርጎ መንገር ነውር ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ እህል ውሃ ቀምሰው ከሆነ ተጠይቆ ነው የሚነገር። ስለዚህ ከሚሴ በሙሉ አንድ ቡድን ልጆችን መደበቅ ያዘ። እኔም ልጆቹም ስናልፍ ወሬ ይቆማል። ፈገግታው በዛ። ሁሉም ሰላም ይለናል።

«እትዬ፣ ሰው ዛሬ ምን ሆኗል?» አለችኝ መሪማ። «ዳቦ ሻጯ አቅፋ ሳመችኝ። ‹የኔ ልጅ› አለችኝ። ስድቡ ይሻለኝ ነበር።»

ሰዓዳ ጫማዋን እያሰረች ነበር። ቀና አላለችም። «ዝም በይና ተዘጋጂ መሪማ» አለቻት።

ጨዋታው ሲጀመር ደረጃው ሞልቷል። ሁለት ክርስቲያን እናቶች ሳያስቡት ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጥተው፣ አቶ ኑሩ በዓይናቸው ቢለምኗቸው ገልብጠው ለበሱ። ጸጥታው የሌላው ቀን ጸጥታ አልነበረም። የሌላው ቀን ለመስማት ነበር፤ የዚያን ቀን ላለመናገር ነበር። ኳሷም ስትነጥር ድምፁ የራቀ መሰለኝ።

ልጆቹ አንዴ ሲመሩ አንዴ ሲቀደሙ ቆይተው፣ ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በአንድ ነጥብ ተበልጠው ነበር። ኳሷ ሰዓዳ እጅ ናት። ሦስት ተጋጣሚዎች ከእኔ ፊት ለፊት፣ መስመሩ ጥግ ላይ ዘጉባት። ማዶውን ልታይ አትችልም። በኮች ቦታ ቡድኑን የሚመሩት አቶ ኑሩ ጠርዙ ላይ ቆመዋል።

ሁለት ጊዜ ተጨበጨበ።

ጎድጎድ ያለ ነው። እንደ ባዶ እንስራ። የመጣው ከግራዬ በኩል ነው። በግራዬ ያለው የእሳቸው ወንበር ነው። ዞርኩ። ኮዳው አለ፤ ሌላ ምንም የለም። ደረጃው ላይ ያለው ሰው አንገት ሁሉ ወደዚያው ወንበር ዞሮ ነበር።

ሰዓዳ አልዞረችም። ሳታይ ኳሷን ከራሷ በላይ ወደ ማዶ ወረወረች። መሪማ ብቻዋን ቆማለች። ዓይኗን አልጨፈነችም። ተቀበለች፣ ዘለለች፣ አገባች። ፊሽካው ተነፋ።

ልጆቹ ተቃቀፉ፣ ጮኹ፣ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ደስታቸውን ሊያካፍሉ ወደ ደረጃው ቀና አሉ። አንድም ሰው አላጨበጨበም። የዚያን ሁሉ ሰው እጅ አየሁት። ግማሹ ብብቱ ሥር ወሽቆታል፣ ግማሹ ጭኑ መሀል ከቶታል። ያጨበጨብኩት እኔ አይደለሁም የሚል ይመስላል።

የልጆቹ ጩኸት አንድ በአንድ ጠፋ። መሪማ ሰዉን አየች፣ ወንበሩን አየች፣ እኔን አየች። ሽማግሌዎቹና ቄሱ በበሩ ሲገቡ መርዶው ቀድሟቸው ነበር። መጀመሪያ ዋይ ያለችው ዳቦ ሻጯ ናት።

ሰዓዳ አላለቀሰችም። ሲሚንቶው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን አወለቀችና እግሯን ጭኔ ላይ አደረገችው። ያኔ ነው ያየሁት። ፕላስተር የለውም። የጥጥ ፋሻውን ሰንጥቄ፣ ከላይ፣ ከመሀልና ከጣቶቿ በላይ ሦስት ቦታ ቋጥሬዋለሁ። የመሀለኛው ቋጠሮ ቆዳዋን ልጦ ደም አውጥቷል።

«ስታስሪልኝ ነው ያወቅሁት» አለችኝ። «እናቴን እንዲህ ነበር ያሰርሻት።»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብጠይቅሽ አትዋሺኝም። አስጨንቄሽ አቶ ኑሩን ከምታሳፍሪ ብዬ ተውኩት። ልጆቹም እንዲጫወቱ ፈለግሁ።» እግሯን ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ «ፍቺልኝ» አለች።

ቢስሚላህ ብዬ ከራስጌው ጀምሬ ፈታሁት። መጨረሻው ቋጠሮ ላይ ስደርስ በጣም ዝቅ ብላ፣ «እትዬ፣ ያጨበጨብሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«እጄ በረዶ ይዞ ነበር።»

«የኔም ኳስ ይዞ ነበር።»

አቶ ኑሩን ጠየቅሁ፤ ጨርሰው አያስታውሱም፣ እጃቸው ራሳቸው ላይ ነበር ይላሉ። ተጠባባቂዎቹን ጠየቅሁ። ሁሉም ሰምተዋል፤ ሁሉም ከወንበሩ በኩል ነው ይላሉ። መሪማ ግን ከጭብጨባው በፊት «ሂን ሶዳቲን» የሚል ሹክሹክታም ሰምቻለሁ አለች። ማዶ ድረስ ሹክሹክታ አይሰማም። እኔ አልሰማሁትም፤ አልሰማሽም ልላትም አልችልም።

ክለቡ አልፈረሰም። የሰዓዳ አባት ፍየሎቻቸውን ራሳቸው ይጠብቃሉ። ሰዓዳ ዛሬ የዚያው ቡድን አሰልጣኝ ሆናለች።

ከዚያ በኋላ የአሠራሬን አንድ ነገር ለውጫለሁ፤ ለእናንተም የምለው ይሄው ነው። መርዶ የያዘ እጅ ፋሻ አያስር። ምላስ ይታሰራል፣ ፊት ይጠበቃል፣ እጅ ግን የሚያውቀውን ይሠራል፤ የታመመ ሥጋም ያዳምጠዋል። እንዲህ ዓይነት ወሬ ከደረሳችሁ ፕላስተሩን ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ ውጡ።

የቀረኝ ልመና ነው። በቅርቡ ሰዓዳ ደውላልኝ ነበር። ልጆቹ እንደ ኮች አጨብጭቢልን ይሏታል፤ መዳፏን ጎድጎድ ታደርግና እጇ አይገጥምላትም። በፊሽካ ነው የምታሠለጥነው። «ሰው እንደነበረ ካወቅሁ እችላለሁ» አለችኝ። እኔም የሞተ ሰው የዚህ ዓለም ሥራው ተቋርጧል ብዬ ነው የማምነው፤ ዛሬም የማምነው እንደዚያ ነው። ያን ድምፅ ግን ሰምቻለሁ።

ስለዚህ ያን ቀን ደረጃው ላይ የነበራችሁ፣ አጥሩ ላይ የተደገፋችሁ፣ ባጃጃችሁ ውስጥ ሆናችሁ ያያችሁ፦ ከእናንተ አንዱ ከሆነ ያጨበጨበው፣ ነውር አልሠራም፤ ልጆቹን ነው የረዳው። እጁን ከብብቱ ያውጣና ለሰዓዳ ይንገራት። ለእኔ መጻፍ አያስፈልገውም። ከሱብሒ በኋላ ሜዳው ላይ ናት፤ በጉሙ ባትታይም ፊሽካዋ ይሰማል።